በጃፓን የሥዕል ፊልሞች ውስጥ ፍቅር እንዴት እንደሚያድግ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሥነ ጽሑፍ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር





የሥነ ጽሑፍ ክበባችን በዚህ የበዓል ቀን ንግግር እንዳደርግ በመረጠኝ ጊዜ፥ ስለ ምን ልናገር እንዳሰብሁ ጠይቆኝ ነበር። እኔም «ስለ ጃፓን አኒሜ፥ ይልቁንም በአኒሜ ውስጥ ስለሚገኘው የፍቅር ታሪክ» ብዬ ስመልስ እኩሌቶቹ ሣቁ፤ እኩሌቶቹም «ወላጆች በተቀመጡበት?» ብለው ደነገጡ። ነገር ግን እዚህ ከተሰበሰብነው ተማሪዎች መካከል ማታ ጥናቱን ጨርሶ፥ አንዳንዱም ሳይጨርስ፥ በስልክ አኒሜ የማይመለከት ጥቂት ነው። ልጆች በየሌሊቱ የሚያዩትን ነገር ወላጆች ሳያውቁት ከሚቀር በግልጥ ብንነጋገርበት ይሻላል በማለት አሳቤን አልለወጥሁም።

አኒሜ የሚባለው በጃፓን አገር የሚሠራ የሥዕል ፊልም መሆኑን ከወጣቶቹ መካከል የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ይህን የምናገረው ለወላጆች ነው። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚወጣው ማንጋ በሚባል የሥዕል ድርሰት፥ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በሚታተም መጽሔት ላይ ነው። አንባቢ ሲበዛለት የፊልም ሠሪዎች ይረከቡትና በቴሌቪዥን እየተከፋፈለ ይታያል። አንዱ ክፍል ሃያ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አንዳንዱ ታሪክ በ12 ክፍል ያልቃል፤ ሌላው ግን በሕፃንነቱ ማየት የጀመረው ሰው አግብቶ ልጅ ከወለደ በኋላ እንኳ ገና አላለቀም። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምናገረውም ፍቅርን ዋና ነገራቸው ስላደረጉት አኒሜዎች አይደለም። ዋናው ታሪክ ጦርነት፥ የወንጀል ምርመራ ወይም ረዥም ጉዞ ሆኖ ሳለ፥ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የሁለት ሰዎች ፍቅር ሣር ለሣር እንደሚሄድ ውኃ ድምፁን ሳያሰማ ስለሚያልፍባቸው ታሪኮች ነው። እንደነዚህ ያሉት ታሪኮች አብዛኛዎቹ የሚወጡት ለወንዶች ልጆች በሚታተሙ መጽሔቶች ነው። ከነዚህም እጅግ የታወቀው ሾኔን ጃምፕ በ1968 የተመሠረተ ሲሆን፥ ሾኔን ማለት በጃፓንኛ ወንድ ልጅ ማለት ነው። መጽሔቱ በውስጡ ፖስት ካርድ እያኖረ የትኛውን ታሪክ እንደ ወደዱ አንባቢዎቹን ሲጠይቅ የኖረ ነው፤ ድምፅ ያጣ ታሪክ ይቋረጣል። አንባቢው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ውጊያ ስለ ሆነ ለፍቅሩ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። ይህ ጥበት ግን ጉዳት ብቻ አላመጣም። ሁለት ደቂቃ ብቻ የተሰጠው ደራሲ ቃሉን ይመርጣል፤ ወይም ቃሉን ትቶ በእጅ፥ በዕቃና በዝምታ መናገርን ይማራል።

እነዚህን የፍቅር ታሪኮች የምለካበትን መለኪያ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከእናቴ ነው። አንድ ቀን ማታ እናቴ ምስር እየለቀመች አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ፥ እኔ በምመለከተው ፊልም ውስጥ አንዲት ልጃገረድ በመስኮት አጠገብ ቆማ ውጭ ውጭውን ታይ ነበር። በማግሥቱም እናቴ ብቅ ስትል ያችው ልጅ እዚያው መስኮት ላይ ናት። በሦስተኛው ቀን እናቴ ትዕግሥቷ አለቀና «አንቺ፥ ይህች ልጅ ግን ሥራ የላትም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። በጊዜው ተናደድሁ። ልጅቱ እኮ የምትወደው ሰው ሄዶባት ነው፤ ይህን ማስረዳት ጀመርሁ። ነገር ግን ስናገር ራሴን ስሰማው፥ ልጅቱ ከዚያ በፊት ባሉት ሃያ ክፍሎች ውስጥ ስሙን ከመጥራትና ከማልቀስ በቀር ያደረገችው ነገር ትዝ ሊለኝ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች በፊልም ሲዋደዱ ባየሁ ቁጥር የእናቴን ጥያቄ እጠይቃለሁ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሥራ አላቸው ወይ? ፍቅሩስ የሚያድገው በሥራቸው ውስጥ ነው ወይስ አንደኛው እንዲጠብቅ ብቻ ተፈጥሯል?

በዚህ መለኪያ ከሁሉ ያስቀደምሁት «ፉልሜታል አልኬሚስት» የሚባለውን ነው። ደራሲዋ ሂሮሙ አራካዋ ስትሆን በሰሜን ጃፓን፥ በሆካይዶ፥ በቤተ ሰቧ የወተት ከብት እርባታ እየሠራች ያደገች ሴት ናት። ድርሰቷ ከ2001 እስከ 2010 በወርኃዊ መጽሔት ወጥቷል። ታሪኩ ኤድዋርድና አልፎንስ ስለሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ነው። እናታቸው በሞተች ጊዜ አልኬሚ በሚሉት ጥበብ ከሞት ሊያስነሧት ሞከሩ፤ ይህም የተከለከለ ነበርና ታላቁ አንድ እግሩንና አንድ ክንዱን አጣ፤ ታናሹ መላ አካሉን አጥቶ ነፍሱ በባዶ የብረት ጥሩር ውስጥ ታስራ ቀረች። ሁለቱ ያጡትን አካል ለማስመለስ አገር ላገር ይዞራሉ። ዋናው ታሪክ ይህ ነው።

ዊንሪ የምትባለው ልጃገረድ የጎረቤታቸው ልጅና አብሮ አደጋቸው ስትሆን፥ ከአያቷ ጋር የብረት ክንድና እግር የምትሠራ መካኒክ ናት። ኤድዋርድ የሚራመድበትን እግርና የሚዋጋበትን ክንድ ለክተው ቀጥቅጠው የገጠሙለት እነርሱ ናቸው። እርሱም በተዋጋ ቁጥር ክንዱን ይሰብርና ይመጣል። እርስዋ የደከመችበት ዕቃ ተሰባብሮ ስታይ የብሎን መፍቻዋን አንሥታ በራሱ ላይ ትወረውርበታለች፤ ተመልካቹም ይሥቃል። እንግዲህ ልብ አድርጉ። ይህ ልጅ ወደ ቤት ለመመለስ ምክንያት የሚሆነው ምንድን ነው? የክንዱ መሰበር ነው። ደራሲዋ «ናፈቀችኝ» የሚል ቃል ሳታስገባ በየጊዜው ታገናኛቸዋለች። ዊንሪም ቤት ተቀምጣ አትቀርም፤ የብረት አካል በሚሠራባት ረሽ ቫሊ በምትባል ከተማ ገብታ ሙያዋን ለማሻሻል ተለማማጅ ትሆናለች። እዚያው አካባቢ ሌሊት ዝናብ ሲያወርደው አንዲት እርጉዝ ሴት ምጥ ይይዛታል፤ ሐኪም የሚመጣበት መንገድ ስላልነበረ፥ ወላጆቿ ሐኪሞች የነበሩት ዊንሪ የሕክምና መጻሕፍት በማንበቧ ብቻ ተደፋፍራ ታዋልዳለች። ሁለቱ ወንድማማቾች ያን ሁሉ አልኬሚ ተምረው በዚያች ሌሊት ውኃ ከማቅረብ የበለጠ አልረዱም።

ይህ የማዋለዱ ነገር ሲታይ ከዋናው ታሪክ ወጣ ያለ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ከብዙ ክፍሎች በኋላ ዊንሪ የእናት አባቷን ገዳይ ፊት ለፊት ታገኘዋለች። ሽጉጥ መሬት ላይ ወድቆ ነበርና አንሥታ ትደግንበታለች። ኤድዋርድ በመካከላቸው ገብቶ እጇን ይይዛል፤ የሚነግራትም እጆቿ ሕፃን ያዋለዱ፥ ለእርሱም ክንድና እግር የሰጡ እጆች መሆናቸውንና ለመግደል ያልተፈጠሩ መሆናቸውን ነው። እኔ ይህን ባየሁ ጊዜ የዚያች የዝናብ ሌሊት ለምን እንደ ተጻፈች ገባኝ። አንድ ወጣት አንዲትን ልጃገረድ እንደሚወዳት መግለጫው «ዓይንሽ ኮከብ ይመስላል» ማለቱ አይደለም፤ ሥራዋን አይቶ የሚያውቅ መሆኑ ነው። በኋላም በባቡር ጣቢያ ሲለያዩ ዳግመኛ የሚያስለቅሳት የደስታ እንባ ብቻ እንደሚሆን ቃል ይገባላታል፤ እርስዋም እንደምትወደው ለራሷ የሚገለጥላት ባቡሩ ሲሄድ ነው። እርሱ ግን እልኸኛ ነው። አንዲት የጦር መኮንን እንደሚወዳት ብትጠይቀው የሚጠጣውን ሻይ ከአፉ ይተፋዋል እንጂ አያምንም።

የዚህ ታሪክ ፊልም ሁለት ጊዜ መሠራቱ ለኛ ትልቅ ትምህርት ነው። የመጀመሪያው በ2003 ተጀምሮ በ2004 በ51 ክፍል ሲያልቅ የአራካዋ ድርሰት ገና በመካከል ላይ ነበር፤ ስለዚህ ፊልም ሠሪዎቹ የራሳቸውን መጨረሻ ፈጠሩ። በዚያ መጨረሻ ኤድዋርድ ወደ ሌላ ዓለም ተወስዶ ይቀራል። በ2005 በወጣው ተከታይ ፊልም ዊንሪ አዲስ ክንድና እግር ሠርታ ጠብቃ ትገጥምለታለች፤ እርሱ ግን ተመልሶ ይሄዳል፤ ታሪኩም በዚያው ያበቃል። ሁለተኛው ከ2009 እስከ 2010 በ64 ክፍል የተሠራው ደራሲዋን እስከ መጨረሻ የተከተለ ነው። ጓደኞቼ የመጀመሪያው አሳዛኝ ስለ ሆነ ይበልጣል ይላሉ። አሳዛኝ መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ እርስዋን ያለ ፍርድ የቀጣት ይመስለኛል። የሠራችለትን እግር ለብሶ ነው እኮ ጥሏት የሚሄድ!

በሁለተኛው ፊልም መጨረሻ ላይ ኤድዋርድ ክንዱን ያስመልሳል፤ እግሩ ግን ብረት ሆኖ ይቀራል። እንደ ገና ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ በባቡር ጣቢያ ቆሞ ሳለ ነገሩን ማውጣት አቃተው፤ በመጨረሻም የሚያውቀው ቋንቋ የአልኬሚ ቋንቋ ብቻ ነውና እኩል በእኩል በሚለው የልውውጥ ሕግ ጋብቻ ይጠይቃታል፤ የሕይወቱን ግማሽ ሊሰጣት የሕይወቷን ግማሽ ይለምናታል። እርስዋ ግማሽ ምን ያደርጋል፥ ሁሉንም እሰጥሃለሁ ትልና ወዲያው ደንግጣ በመቶኛ ዋጋ መቀነስ ትጀምራለች፤ እርሱም በሣቅ ይፈርሳል። ፊልሙ ሰርጋቸውን አያሳይም። የምናየው ሁለት ልጆች ይዘው የተነሡት አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ሮይ መስታንግና ሪዛ ሆክአይ የሚባሉ አዛዥና ታዛዥ የጦር መኮንኖች አሉ። እነዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ፍቅር አንድ ቃል አይናገሩም። ነገር ግን እርሱ ከመንገዱ ቢወጣ ከኋላው እንድትተኩስበት አደራ ተቀብላለች። የወዳጁን ገዳይ አግኝቶ በበቀል ሲያቃጥለው፥ በእውነትም ሽጉጧን በራሱ ላይ ትደግናለች። ከገደልሽኝ በኋላ ምን ትሆኛለሽ ብሎ ሲጠይቃት፥ ከእርሱ በኋላ ብቻዋን ለመኖር እንደማታስብ ትመልሳለች። እጁን አወረደ። በኛ አገር ሰም ለበስ ንግግር ለለመደ ጆሮ ወርቁን ማግኘት ከባድ አይደለም።

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት ልምጣ፤ ሕፃን ሆኖ ማየት የጀመረ ሰው ልጅ ወልዶም አላለቀም ያልሁት «መርማሪው ኮናን» ነው። ጎሾ አኦያማ ከ1994 ጀምሮ ይጽፈዋል፤ በቴሌቪዥን የተጀመረው በ1996 ሲሆን ከ1,000 ክፍል በላይ ታይቷል። ሺንኢቺ የሚባል የ17 ዓመት ተማሪና መርማሪ፥ ራን ከምትባለው አብሮ አደጉ ጋር ሊዝናና ሄዶ ሳለ፥ ጥቁር የለበሱ ወንበዴዎች መርዝ ያጠጡታል። መርዙ ሳይገድለው ወደ ትንሽ ልጅነት ይመልሰዋል። በሕይወት መኖሩ ቢታወቅ እርስዋንም ይገድሏታልና ኮናን የሚል ስም አውጥቶ በእርስዋው ቤት እንደ ታናሽ ወንድም ይኖራል። ራን በየቀኑ ምሳ የምታቀርብለት ልጅ የምትጠብቀው ሰው መሆኑን አታውቅም።

በዚህ ላይ ስለ ቋንቋ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ እንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ብቻ እያነበብን ከምናጣቸው ነገሮች ትልቁ ይህ ነውና። ጃፓኖች የሰውን ስም እንዲሁ አይጠሩም። በስሙ መጨረሻ ለክብር «ሳን»፥ ለወጣት ወንድ «ኩን»፥ ለማቆላመጥ «ቻን» ይጨምራሉ፤ ስሙን ባዶውን መጥራት ለቤተ ሰብና ለቅርብ ሰው ነው። ሁለት ወጣቶች በቤተ ሰብ ስም መጠራራት ትተው በግል ስማቸው መጠራራት በጀመሩ ቀን፥ በኛ «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» እንደ ተባለ ያህል ነው። እንግሊዝኛው ይህን መልሶ አያውቅም። ሺንኢቺ በእውነተኛ መልኩ «ራን» ብሎ ይጠራት የነበረ ነው። ኮናን ከሆነ በኋላ ግን «ራን ኔቻን» ማለት ግድ ሆነበት፤ ይኸውም በኛ «እትዬ ራን» እንደ ማለት ነው። ፍቅረኛውን ቀን ከሌት «እትዬ» እያለ የሚጠራ ሰው አስቡት! ድምፅ የሚለውጥ ክራቫት አለውና ማታ ማታ ተደብቆ በስልክ ሲያነጋግራት እንደ ገና «ራን» ይላታል። የዚህ ፍቅር ታሪክ ግማሹ በዚህች በአንዲት ቃል መጨመርና መቀነስ ውስጥ ነው።

ጃፓኖች ሌላም ልማድ አላቸው፤ ኮኩሃኩ ይሉታል። አንድ ሰው ልቡን በግልጥ ቃል የሚናገርበት ሥርዓት ነው፤ ሌላውም መልስ መስጠት ይገባዋል። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት አብረው ቢሄዱ፥ ያች ቃል እስክትነገር ድረስ ጓደኞች ብቻ ናቸው። ስለዚህ የአኒሜ ደራሲ ያችን ቃል እንደ መጨረሻ ጥይት ቆጥቦ ይይዛታል። በኮናን ታሪክ ሺንኢቺ ለጥቂት ጊዜ ወደ መልኩ ተመልሶ በሎንዶን፥ በቢግ ቤን ሰዓት ፊት ቃሉን ሲናገር በቴሌቪዥን የታየው በ2011 ነው። የራን መልስ በኪዮቶ ከተማ፥ ትምህርት ቤቱ ለጉብኝት በሄደበት፥ ጉንጩን በመሳም የተሰጠው ደግሞ በ2019 ነው። ስምንት ዓመት! በታሪኩ ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ተመልካቹ ብቻ ነው ያረጀው።

ታዲያ ይህ መዘግየት በደል ነው ወይስ ጥበብ? እንደኔ አስተያየት ሁለቱም ነው። ሺንኢቺ ዝም የሚለው አፍሮ ወይም ደራሲው ወረቀት ሊሞላ ፈልጎ ብቻ አይደለም፤ ከተናገረ ልትሞት ትችላለች። እንቅፋቱ ከዋናው ታሪክ ሥር የበቀለ ስለ ሆነ መዘግየቱ ውሸት አይመስልም። ነገር ግን ታሪኩ ካለቀ መጽሔቱም ቴሌቪዥኑም የሚያጡት ገበያ አለ፤ ስለዚህ ምሥጢሩ ሊገለጥ በደረሰ ቁጥር አንድ ነገር ይመጣና ይሸፈናል። ይህን ዐሥር ጊዜ ያየ ሰው በዐሥራ አንደኛው አይደነግጥም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ራን ናት። ይህች ልጅ የትምህርት ቤቷ የካራቴ ቡድን አለቃ ናት፤ በር በእግሯ ትሰብራለች። ሆኖም ፍቅሯ ሲነሣ ታሪኩ ያን ሁሉ ይረሳና ስልክ አጠገብ ያስቀምጣታል። እናቴ ይህንን ብታይ የምትለውን አውቃለሁ።

ከዚህ የከፋው በ«ናሩቶ» ያለው ነው፤ የክፍሌ ልጆች እንደሚቈጡኝ እያወቅሁ እናገረዋለሁ። ማሳሺ ኪሺሞቶ ከ1999 እስከ 2014 የጻፈው ይህ ታሪክ በቴሌቪዥን በሁለት ተከፍሎ 220ና 500፥ በድምሩ 720 ክፍል ነው። ሂናታ የምትባለው ልጅ መጀመሪያ ላይ ስትገባ እንዴት ያለ ጥሩ ጅምር ነበራት! አባቷ ደካማ ናት ብሎ ተስፋ የቆረጠባት፥ አፏን ፈትታ መናገር የማትችል ልጅ ናት። ናሩቶ ሁሉ ሲንቀው ተስፋ አለመቍረጡን ከሩቅ አይታ «እኔም ራሴን እለውጣለሁ» ብላ ተነሣች፤ በፈተናው ቀን ከራሷ ዘመድ ጋር ደም እስክትተፋ ተዋጋች። ያ የራሷ ሥራ ነበር፤ ፍቅሯም ከዚያ ጋር ተያይዞ ያድግ ነበር።

በ2010 በታየው ክፍል ናሩቶ በጠላት እጅ ወድቆ መሬት ላይ ተቸንክሮ ሳለ፥ እንደማትችለው እያወቀች ብቻዋን በመካከል ገብታ እንደምትወደው ትነግረዋለች፤ ወዲያውም ተመትታ ትወድቃለች። እኔ ያን ክፍል ያየሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሕይወት መትረፏ ሲታወቅ፥ እንግዲህ መልስ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ክፍል አለፈ፤ ዐሥር አለፈ፤ መቶ አለፈ። ያ ልጅ ያን ቃል እንደ ሰማ እንኳ የሚያሳይ አንድም ከልብ የሆነ ንግግር ሳይደረግ ጦርነት መጣ። መልሱ የተሰጠው በታኅሣሥ 2014 በወጣው የሲኒማ ፊልም ነው፤ በዚያም ሂናታ በእጇ የሠራችውን ቀይ የአንገት ልብስ ይዛ ስትጨነቅ እናያታለን። ፊልሙ ያማረ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ሞት ፊት ቆማ የተናገረች ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ ሹራብ ይዛ ስታፍር ሳይ፥ ደራሲው ያን ቀን እንደ ረሳው ሆኖ ተሰማኝ። በኮኩሃኩ ሥርዓት መልስ መስጠት ግዴታ ነው ብያችኋለሁ። በመንገድ ላይ አንድ ሰው ሰላም ቢለን እንኳ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር አይደለም ወይ?

ይህንን በክበባችን ስናገር አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «ፍቅር በሥራ ከተለካ ደመወዝ እንጂ ፍቅር አይባልም፤ መጠበቅም ፍቅር ነው» ሲል ተቃወመኝ። ተጨበጨበለት። እኔም በዚያን ቀን የምመልሰው አልነበረኝምና ተቀመጥሁ። መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ «ፍሪረን» የሚባለውን ሳይ ነው።

«ፍሪረን» ከ2023 እስከ 2024 የመጀመሪያው ዙር በ28 ክፍል የታየ ሲሆን የሚጀምረው ሌላው ታሪክ ከሚያልቅበት ነው። አራት ጓደኞች ዐሥር ዓመት ተጕዘው የአጋንንቱን ንጉሥ ድል ነሥተው ተመልሰዋል። አንደኛዋ ፍሪረን፥ ኤልፍ ከሚባል እጅግ ረዥም ዕድሜ ከሚኖር ዘር የተወለደች አስማተኛ ናት፤ ከሺህ ዓመት በላይ ኖራለችና ዐሥር ዓመት ለእርስዋ እንደ አንድ ሳምንት ነው። ሂሜል የሚባለው ጀግና ይወዳታል፤ እርስዋ አታውቅም። «በኋላ እንገናኝ» ብላ ትሄድና ከኃምሳ ዓመት በኋላ ስትመለስ ሽማግሌ ሆኖ ታገኘዋለች። ጥቂት ቆይቶ ይሞታል። በቀብሩ ቀን ፍሪረን በሰው ሁሉ ፊት ታለቅሳለች፤ የምታለቅሰውም ዐሥር ዓመት አብራው ተጕዛ ምንም ሳታውቀው በመቅረቷ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ሁሉ የሞተውን ሰው ልብ ዘግይቶ የማንበብ ጉዞ ነው።

ከነዚህ ንባቦች አንዱ የቀለበቱ ነገር ነው። ፈርን የምትባል ደቀ መዝሙርና ሽታርክ የሚባል ወጣት አብረዋት ይሄዳሉ። ሽታርክ ለፈርን በልደቷ ቀን አምባር ይገዛላታል፤ በአምባሩ ላይ ያለው የሎተስ አበባ ቅርጽ ግን ለፍቅረኛ የሚሰጥ፥ የዘለዓለም ፍቅር ምልክት ነው። ልጁ ይህን ሳያውቅ ነው የገዛው፤ ሁለቱም ያፍራሉ።  ፍሪረንም በፊት ከሂሜል ያገኘችው ቀለበት አላት። በዚያን ጊዜ እንዲሁ ያገኘችውን አንሥታ ነበር የመረጠችው፤ ሂሜል ግን ያ አበባ የተቀረጸበት መሆኑን አይቶ፥ ስለ ፍቅር አንድ ቃል ሳይናገር ተንበርክኮ በጣቷ ላይ አደረገላት። ፊልሙ ይህን ሲያሳየን ማብራሪያ አይጨምርም። ለሁለቱ ወጣቶች ገና የሚመጣው፥ ለእርስዋ ከሰማንያ ዓመት በፊት ገደማ ያለፈው፥ በአንዲት አበባ ቅርጽ ተገናኝቷል።

ሂሜል ኃምሳ ዓመት ጠብቋል። ወንድማችን እንዳለው መጠበቅም ፍቅር ነው፤ ይህን አሁን እቀበላለሁ። ነገር ግን እንዴት እንደ ጠበቀ ተመልከቱ። በየመንደሩ ያልፍ በነበረበት ጊዜ ሕዝቡ ሐውልት እንዲያቆምለት ይስማማ ነበር፤ ራሱን የሚወድ ይመስላቸውና ጓደኞቹ ይቀልዱበታል። ምክንያቱን ሲጠየቅ ግን አንዱ ፍሪረን እነርሱ ሁሉ ከሞቱ በኋላ ብቻዋን እንዳትሆን መሆኑን ይናገራል። ከዚህ በኋላ ሐውልት ባየች ቁጥር ምን እንደሚሰማት መገመት ለናንተ እተወዋለሁ። ይህ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ አልጠበቀም። እርስዋም የተወደደች ብቻ ሆና አልተሣለችም፤ ትንንሽ አስማት መሰብሰብ የሚባል የራሷ ፍላጎት አላት፤ አበባ የሚያበቅለውን አስማቷን ሂሜል ያደንቅላት ነበር። እርሱ የወደደላት ያን ነው።

ለወንድማችን ልመልስለት የምፈልገው ይህንን ነው፤ አሁን እዚህ ስላለ ሰምቶኛል። ሌላ ተቃውሞ ካለው ከንግግሩ በኋላ በሻይ ሰዓት እንነጋገራለን።

እናቴ ምስሩን ለቅማ ብትጨርስም ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ማታ አጠገቤ ትቀመጣለች። የፉልሜታልን የመጨረሻ ክፍል አብረን አየነው፤ ጃፓንኛውንም እንግሊዝኛውንም ስለማታውቅ እየተረጐምሁ ነገርኋት። የባቡር ጣቢያውን ነገር ሰምታ ሣቀች። እኔ ክንዱ ድኖ እግሩ ብረት ሆኖ መቅረቱ ቅር ብሎኝ ነበርና ይህንኑ ነገርኋት። እናቴ ትንሽ አሰበችና «ደግ አደረገች ደራሲዋ። ብሎኑ በላላ ቁጥር ወደ ቤቱ ይመለሳል» አለችኝ።